ፍሪክሽንና የአዴ ጫልቱ ጨው

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ የሆንኩት ሬዲዮ በጥፊ መትቼ ነው። እውነቴን ነው። በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር፤ ከጎጃም የመጣሁ፣ ከሰዋስውና ከድርሰት በቀር ሌላ የማላውቅ፣ አምፑል እንኳ ሲቀየር ራቅ ብዬ የምቆም ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ለጠመኔ ጉዳይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ሳለሁ ሬዲዮናቸው ዜና መሀል ላይ ዝም አለባቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጠጋ ብዬ ጎኑን በመዳፌ አጮልኩት። ተናገረ። ከዚያን ዕለት ወዲያ ርዕሰ መምህሩ የሚያዩኝ ዓይን ሌላ ሆነ። ሁለት ወር ሳይቆይ ሕንዳዊው የፊዚክስ አስተማሪያችን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲሄዱ፣ «አንተ መቼም የመሣሪያ ነገር ታውቅበታለህ» ብለው እንግሊዝኛውን መጽሐፍ አስታቀፉኝ። «አላውቅም» ለማለት አንድ ደቂቃ ያህል ነበረችኝ። ያቺን ደቂቃ የመጽሐፉን ሥዕሎች በማየት አሳለፍኳት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች እንደምንም ተወጣኋቸው። ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ እኔ መጽሐፉን ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ፣ ተማሪዎቹ ሰሌዳውን ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። የሚጠይቅ ከመጣ «እሱን ከፍ ያለ ክፍል ስትደርሱ ትማሩታላችሁ» እላለሁ። በዚህ አያያዝ ዓመቱ በሰላም ባለቀ ነበር። ግንቦት ላይ ግን አራተኛው ምዕራፍ፣ ፍሪክሽን የሚሉት፣ ሊጀመር ሲል ከላይ ደብዳቤ መጣ። ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ይመጣሉ። የሚገቡትም ፊዚክስ ክፍል ነው።

ስለ ኢንስፔክተሩ በመምህራን ክፍል የሚወራው እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። «አስተማሪውን ምንም አይጠይቁም» ይባላል፤ «የሚጠይቁት ተማሪዎቹን ነው። እነሱ ያልገባቸው ነገር ካለ ያን ጊዜ ወደ አንተ ዞር ይላሉ።» ሌላው ደግሞ፣ በአንዱ ከተማ ሒሳብ ክፍል ገብተው ሲወጡ አስተማሪውም አብሯቸው እንደወጣና እንዳልተመለሰ ያወራል። ይህን የሚያወራልኝ ሰው ምሳውን እየበላ ነበር። እኔ የራሴን መጨረስ አልቻልኩም።

ሐሙስና ዓርብ ምዕራፉን ደጋግሜ አነበብኩት። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው አውቀዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። በመጨረሻ አኖ ከተማ ያለው ወዳጄ ደጀኔ ትዝ አለኝ። ደጀኔ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ፊዚክስ የተማረ ብቻ ሳይሆን የገባው ሰው ነው። ቅዳሜ ማለዳ መኪና ተሳፍሬ አኖ ወረድኩ።

ደጀኔ ምግብ ቤት ወስዶኝ ጥብስ አዘዘና እስኪመጣ ድረስ ማስረዳት ጀመረ። የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በክር ጎተተው።

«አየህ፣ ጠረጴዛው ቀፎውን አልለቅም ይለዋል። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል ነው ፍሪክሽን ማለት።»

ቀጥሎ ቀፎው ላይ የቤቱን ቁልፍ ጫነበት። ክሩ ተወጠረ፤ ቀፎው እምቢ አለ።

«ክብደቱ ሲጨምር መያዙም ይጨምራል። ገባህ?»

ገባኝ! ወንድሞቼ፣ እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የታገልኩት ነገር በአንድ የክብሪት ቀፎ ገባኝ።

«አሁን ዋናውን ነገር ልብ በል» አለ ደጀኔ ጣቱን አንስቶ፤ «ጎማ ወይም እግር ሲሆን ጉዳዩ…»

ጥብሱ እየተንጫጫ ደረሰ።

«ብላ ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

በላን። ከጥብሱ በኋላ ጠጅ መጣ፤ ከጠጁ በኋላ ስለ ልጅነታችን ተጨዋወትን። ዋናው ነገር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እኔ ግን እንደቀረ እንኳ አላወቅኩም።

እሑድ ጠዋት ወደ ነቀምት የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁ። ጨው ነው የጫነው። ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ የሚባል፣ ከሸዋ የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መምህር መሆኔን ሲሰማ «እርስዎ ጋቢና ይግቡ» ብሎ በር ከፈተልኝ። ጋቢና ውስጥ የጨዉ ባለቤት አዴ ጫልቱ ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ በነቀምት ገበያ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ሰውነታቸው ሙሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከመኪና መውጣትና መውረድ የሚጠሉ።

«አካም ጅርታ፣ ባርሲሳ» አሉኝ። እንደምን አለህ ማለታቸው ነው፤ ባርሲሳ ደግሞ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ትንሽ ሸሸት ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ወደ ኋላ ዞር ብዬ ካሶኒው ላይ ማን እንዳለ ሳይ ልቤ ትንሽ ቅር አለው። የጨው ጆንያዎቹ ላይ ከአራት መንገደኞች ጋር የተቀመጠው ተማሪዬ ፈይሳ ነው። ስለ ፈይሳ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ሆኖ መማር ብርቅ አልነበረም፤ ፈይሳ ግን ከእኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል። ሪዙ የተንዠረገገ፣ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ከጫካ ግንድ በበሬ እያስጎተተ ይኖር የነበረ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ የተማሪ አባት መስሎኝ «ምን ልታዘዝ?» ብዬዋለሁ። አሁን ሚስቱ ሦስተኛ ልጅ ወልዳ ሊጠይቅ መጥቶ መመለሱ ነው። ሲያየኝ ከጆንያው ላይ ተነሥቶ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። ሪዛም ሰው ጋሼ ሲለኝ ሁልጊዜ ኮቴን አስተካክላለሁ። ያን ቀን የለበስኩት ደግሞ አዲሱን ነው፤ ለኢንስፔክተሩ ያሰፋሁትን። ደጀኔ እንዲያይልኝ ብዬ ነበር።

ስሬን እስክናልፍ ድረስ ደህና ተጓዝን። ከስሬ በኋላ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። በዋዜማው ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። አንድ ረጅም ዳገት ጀመርን፤ በግራችን ተራራ፣ በቀኛችን ደግሞ ገደል ነው፤ ከሥሩ የወንዝ ድምፅ ይሰማል። ግማሹን እንደወጣን ሞተሩ ጮኸ፤ የኋላ ጎማዎቹ በቦታቸው ይሽከረከሩ ጀመር። መኪናው ቆመ።

ጋሽ ተሰማ ፍሬን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ረዳቴ በወባ ታሞ ባኮ ቀርቷል። እባክዎ ወርደው ድንጋይ ታኮ ያድርጉልኝ።»

ወረድኩ። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠመ። ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስገባሁ። ፈይሳና አራቱ ሰዎች ወርደው ገፉ። ጎማው ጭቃ ረጨብን እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ሞከርን። ሦስተኛ ሞከርን። በሦስተኛው መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሲመለስ ሁላችንም ወደ ገደሉ አየን፤ ከዚያም እንዳላየን ሆንን።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ ባልተወጋ። ሌላ ጊዜ እኮ ዝም እላለሁ! መኪና ሲበላሽ ዳር ቆሞ ሰማይ ማየት የማውቅበት ሙያ ነው። ያን ቀን ግን ከትናንት ወዲያ የማላውቀውን ነገር ትናንት አውቄ ነበር፤ አዲስ እውቀት ደግሞ እንደ አዲስ ኮት ሰው ካላየው ያሳክካል።

«ጋሽ ተሰማ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ችግሩ ፍሪክሽን ነው።»

«ፍሪሲዮኑ ደህና ነው መምህር። ባለፈው ሳምንት ነው ያሳደስኩት።»

«የመኪናውን ፍሪሲዮን አላልኩም። የመሬቱን ነው።»

«መሬት ፍሪሲዮን አለው እንዴ?»

«አለው! ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ክብደት ሲጨምር ደግሞ መያዙ ይጨምራል። አሁን መኪናችንን ምን ያዘው? መሬቱ። ለምን ያዘው? ስለከበደ። ስለዚህ ምን እናድርግ? ጨዉን እናራግፍ! ሲቀልለው ይለቀዋል፣ ይወጣል።»

አራቱ መንገደኞች ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ አሰበ። ሃያ ዓመት ነድቷል፤ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ይታየኝ ነበር፤ ግን መምህር ነኝ፣ ኮት ለብሻለሁ። ያ ዘመን ኮት የለበሰ ሰው የሚታመንበት ዘመን ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ፈይሳ ከኋላ።

«ምንድነው?»

«ግንድ ስናስጎትት ጭቃ ላይ የምንመርጠው ከባዱን በሬ ነው። ቀላሉ በሬ እግሩ ይከዳዋል፤ መሬቱን አይቆነጥጥም። ይሄም ጎማ…»

«በሬ ጎማ የለውም፣ ፈይሳ።»

«የለውም ጋሼ። ግን…»

«ደግሞ ይሄን ምዕራፍ ገና አልጀመርነውም!»

ፈይሳ ዝም አለ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

አዴ ጫልቱ አንገታቸውን በጋቢናው መስኮት አወጡ። «ባርሲሳ፣ ይሄ ያልከው ነገር መጽሐፍ ላይ አለ?»

«አለ፣ እናቴ።»

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።» አልዋሸሁም። በዓይኔ አይቼው ነበር።

«እንግዲያው አውርዱት። እኔ ግን በዚህ ጉልበት አልወርድም፤ ይዛችሁኝ ውጡ።»

ከኋላ በኩል ያለው ለእጅ ስለሚቀርብ ከኋላ ጀምረን ግማሹን ጨው አራገፍን። ከመኪናው በስተጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ በገደሉ በኩል ባለው የመንገድ ዳር ቅጠል አንጥፈን ጆንያዎቹን ደረደርን፤ ሸራም አለበስናቸው። እኔ በጣቴ እያመለከትኩ «እዚህ፣ እዚያ» እል ነበር። ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። እዚያ ምድር ላይ ካሉት ሰባት ሰዎች የማይሸከም እኔ፣ የማያውቅ እኔ፣ የሚያዝዝ እኔ።

ጋሽ ተሰማ ሞተሩን አስነሣ። እኔ ድንጋዬን ይዤ ከቀኝ የኋላ ጎማ አጠገብ ቆምኩ። «በሉ!» አልኩ።

ጎማው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ቀድሞ ቢያንስ ጭቃውን ይቆፍር ነበር፤ አሁን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የመኪናው ጭራ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ መዞር ጀመረ። ጋሽ ተሰማ ነዳጁን ለቆ ፍሬን ረገጠ። ጎማዎቹ ቀጥ አሉ።

መኪናው ግን አልቆመም።

ይህን ነገር ያላየ ሰው አያምነኝም። ጎማው አይዞርም፤ ሞተሩ አይጮህም፤ ያ ሁሉ ብረት ድምፁን አጥፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወረወርኩት። ጎማው ድንጋዩን እየገፋ ይዞት ሄደ። ሮጬ ሌላ አነሣሁ፣ እሱንም ይዞት ሄደ። ተንሸራትቼ በደረቴ ወደቅኩ። ቀና ስል የአዴ ጫልቱ ፊት በመስኮቱ አለፈ፤ አልጮሁም፤ ከንፈራቸው ብቻ «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» እያለ አምላካቸውን ይጠራል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዝለል!» ብሎ ጮኸ ከአራቱ አንዱ።

ጋሽ ተሰማ መዝለል ይችል ነበር። በሩ በተራራው በኩል ነው። ወደ አዴ ጫልቱ አየ፤ ከዚያ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጥብቆ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንደተከለ ተቀመጠ። እኔ በደረቴ ተኝቼ ይህን ሳይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ምዕራፍ ክብደት አወቅኩት።

ቀኝ የኋላ ጎማው ጆንያዎቹ ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ፈነዳ። ሁለተኛው ፈነዳ። ሦስተኛው እንደተቀደደ ጨዉ በጎማውና በጭቃው መካከል ነጭ ሆኖ ተጨመቀ፤ ከኋላው ያሉት ጆንያዎች እርስ በርስ ተደጋገፉ። መኪናው አንዴ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ከጎማው እስከ ገደሉ አፍ ያለው ግማሽ እርምጃ ነበር።

የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር።

በቅድሚያ የነቃው ፈይሳ ነው። አራቱን ሰዎች በኦሮምኛ ጠርቶ በዓይኑና በእጁ እያሳየ ፊትም ኋላም ድንጋይ አስደረገ፤ ድምፃችንን ከፍ ለማድረግ እንኳ ፈርተን ነበር፤ ድምፅ የሚገፋው ይመስል። ከዚያ አዴ ጫልቱን ማውጣት መጣ። በእሳቸው በኩል ያለው በር የሚከፈተው ወደ ገደሉ ነው። የቀረው መንገድ በጋሽ ተሰማ በኩል ነው፤ ጋሽ ተሰማ ደግሞ እግሩን ከፍሬን አያነሣም።

«በላዬ ላይ ይለፉ» አላቸው ድምፁ ሰልሎ።

«ባለትዳር ሰው ነኝ» አሉ አዴ ጫልቱ።

«እኔም ነኝ። ይለፉ።»

አለፉ። በአንድ እግራቸው ማርሹን ረግጠው፣ በክርናቸው የጋሽ ተሰማን ባርኔጣ አውርደው፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ፣ እኔና ፈይሳ ከውጭ እየጎተትን አወጣናቸው። ጋሽ ተሰማ ራሱ ሲወርድ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ» አለኝ።

ጠዋት «እርስዎ» ነበርኩ።

ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ።

ሸራው ከጎማው ሥር ተወጥሮ ተቀድዷል። አዴ ጫልቱ እያነከሱ ወደ ጆንያዎቹ ሄደው ቆሙ። ነጩ ጨው በቀዩ ጭቃ ላይ ቀጭን ቀጭን ጅረት እየሠራ ወደ ገደሉ ይወርዳል። «ሶጊደ ኮ» አሉ በለሆሳስ፤ ጨዌን ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ኮቴን አወለቅኩና በተቀደዱት ጆንያዎች ላይ ዘረጋሁት። አንድ ኮት ስንት ጆንያ ይሸፍናል? እጅጌውን ወደዚህ ስስበው ያኛው ይገለጣል። እየተንበረከኩ ስጎትት፣ ሳስተካክል፣ በእጄ ጨው ከጭቃ ላይ ስለቅም ፈይሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልሞክር?»

ከፈቀዱልኝ! ሰው ገደል አፍ ላይ አድርሼ እሱ አሁንም ፈቃድ ይጠይቀኛል።

«ያልከውን አድርግ» አልኩት። «እኔንም እዘዘኝ።»

ትእዛዙ አጭር ነበር። በመጀመሪያ ከጎማዎቹ ፊት ያለው ለስላሳ ጭቃ እየተጠረገ ከሥሩ ያለው ደረቅ መሬት እስኪታይ ተቆፈረ። ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ጠጠር ተለቅሞ ተነጠፈ። ከዚያ የተረፈው ጨው ሁሉ ተመልሶ ተጫነ፤ ካሶኒው ፊት ላይ ያለውም ሳይቀር ወደ ኋላ ተስቦ ልክ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ተከመረ። ለጎማው መቆሚያ የሆኑት የተቀደዱ ጆንያዎች ብቻ ባሉበት ቀሩ። ያን ቀን ጆንያ ተሸከምኩ። በሸሚዝ፣ በዝናብ፣ ዳገት ለዳገት። ፈይሳ አንዱን ጆንያ ጀርባዬ ላይ ሲያወጣልኝ፣ «መሬቱ ጎማውን ካልያዘው ጎማው በምኑ ተገፍቶ ይሄዳል ጋሼ?» አለኝ። ዋናው ነገር ይህ ነበር! ጥብሱ ያስቀረብኝ።

«አሁን ሰው ይውጣበት» አለ ፈይሳ። አራቱ መንገደኞች ወጡ። አሁንም የቀለለ መሰለው፤ ጎማውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አጣፉ። «የሚፈልገው ክብደት ከሆነ እኔ አለሁ። አውጡኝ።»

«አዴ፣ እርስዎ እንኳ ቢቀሩ…» አለ ጋሽ ተሰማ።

«ጨዌ እዚያ ነው። አውጡኝ አልኩ።»

አራቱ ከላይ እየሳቡ፣ እኔና ፈይሳ ከታች እየገፋን ወጡ። መኪናው በግልጽ ዝቅ ሲል አየነው። ማንም አልሳቀም፤ የምንስቅበት አንጀት አልነበረንም።

ጋሽ ተሰማ መሪው ላይ ወጣ። እኔ በቀኝ፣ በገደሉ በኩል፣ ፈይሳ በግራ፣ ድንጋይ በእጃችን ይዘን ከጎማው ኋላ ቆምን። ሞተሩ ተነሣ። ጎማው ቅርንጫፉን አደቀቀ፣ አንዴ ሸተት አለ፤ ከዚያ ደረቁን መሬት ነክሶ ያዘ።

«ሱታ! ሱታ!» ይላሉ አዴ ጫልቱ ከላይ፤ ቀስ በል ማለት ነው።

መኪናው አንድ ክንድ ሲሄድ እኔና ፈይሳ ድንጋይ እናስገባለን። ጋሽ ተሰማ ያርፋል። ደግሞ አንድ ክንድ። ደግሞ ድንጋይ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ከጎማው ሥር ለጥቂት ተረፈ። ወደ ገደሉ ላለማየት ዓይኔን ጎማው ላይ ብቻ ተክዬ ነበር፤ እንዲህ አተኩሬ ያየሁት ነገር በሕይወቴ የለም። ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱ ጎማውን ወደ ፊት ይገፋል። ስንት ጊዜ እንደዚህ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ድንጋይ ላስገባ ጎንበስ ስል መኪናው ሳይጠብቀኝ ሄደ፤ ቀና ብዬ ሳየው ሜዳው ላይ ነው።

አዴ ጫልቱን ስናወርድ ፊቴን ማሳየት አፈርኩ። እሳቸው ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ነገ ይሄንኑ ነው የምታስተምረው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ሦስት ጆንያ ጨው ወስዷል። ደህና አርገህ አስተምረው።»

ነቀምት ስንገባ ገና አልመሸም ነበር። ወሬው ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ ቀድሞን ገብቷል።

ሰኞ ጠዋት በአሮጌ ሹራብ ክፍል ገባሁ። ኮቴ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሩ አጭር፣ ፀጥ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ከኋላ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ «ፍሪክሽን» ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ከኋላ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ከመጽሐፉ በፊት ከኑሯችሁ አንድ ምሳሌ የሚነግረኝ አለ?»

ፈይሳ እጁን አወጣ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ተነሥቶ ተናገረ። ዳገቱን፣ ጭቃውን፣ ጨዉን። «አንድ ሰው ይራገፍ አለ» አለ፤ «ተራገፈ። ጎማው መሬቱን መቆንጠጥ አቃተው፤ መኪናው ገደል ሊገባ ደረሰ።» ስም አልጠራም። ክፍሉ ሁሉ ግን ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያል፤ ሁሉም ያውቃል።

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይራገፍ ያለው አላዋቂ ማነው?»

ፈይሳ ሪዙን ዳሰስ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም ልል ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ነበረችኝ፤ የለመድኳት ዓይነት ደቂቃ። ግን ትናንት ፍሬን ረግጦ የተቀመጠው ሰው ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ለእኔ ብለው ነው!» አለ ፈይሳ።

«ዋሽቶ ነው! እኔ ነኝ ያስራገፍኩት!»

ኢንስፔክተሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ጋሼ ናቸው። የጨዉ ባለቤት አክስቴ ናት» ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

«መኪናው ወጣ?» አሉኝ ኢንስፔክተሩ።

«ወጣ።»

«ማን አወጣው?»

በጣቴ ፈይሳን አሳየሁ።

«እንግዲያው ጠመኔውን ስጠው።»

ፈይሳ ፈቃዴን ሊጠይቅ አየኝ። የተሰበረውን ጠመኔ ሰጠሁትና እኔ በእሱ ቦታ፣ ከኢንስፔክተሩ ፊት ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። ፈይሳ በሬ ሳለ። ከበሬው እግር ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ቀስት፣ ከመሬቱ ወደ ፊት የሚሄድ ቀስት። ከዚያ ጎማ ሳለ። ተማሪው ሁሉ አንገቱን አስግጓል። እኔም ሁሉን ረስቼ አፌን ከፍቼ ስሰማ ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ የሚያደርግ እርሳስ ተሰማኝ።

«ምን ዝም ብለህ ታያለህ?» አሉኝ ኢንስፔክተሩ በሹክሹክታ። «ጻፍ እንጂ።»

ጻፍኩ።